የነጂባ ድስት

አጥናፉ ወጥ መሥራት የተማረው ከሰባ ዓመቱ በኋላ ነው፤ ያስተማረውም ረሃብ እንጂ ሰው አይደለም። ሚስቱ የሺዓለም በሕይወት ሳለች ጓዳ ገብቶ አያውቅም። «ወንድ ልጅ ጓዳ ምን አለው?» እያለ ሬዲዮውን አቅፎ ሳሎን የሚቀመጥ፣ ሳህኑ ሲቀርብለት «ጨው አንሶታል» ለማለት ብቻ አፉን የሚከፍት ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅምና ሲያርም ኖሮ ጡረታ ስለወጣ፣ ስህተት መፈለግ እንጂ ማመስገን አልለመደበትም። እሷም ጠባዩን ታውቃለች፤ ጨዉን አምጥታ ፊቱ ታስቀምጥለትና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

የሺዓለም ሞታ ድንኳኑ ሲነሳ፣ ዘመድ አዝማዱም «እግዜር ያጥናህ» እያለ ሲበተን፣ አንድ ቀን ጠዋት ራሱን ጓዳው በር ላይ ቆሞ አገኘው። ግድግዳው ላይ ብረት ድስቶች ተሰቅለዋል። ሁለቱ እሳት የበላቸው፣ እጀታቸው የላላ ናቸው። አንዱ ግን ለብቻው፣ ራቅ ብሎ በተመታ ምስማር ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተንጠልጥሏል። እጀታው ላይ አረንጓዴ ክር ታስሮበታል።

«ይቺ ሴትዮ ደህና ደህናውን ለማን ስትደብቅ ኖራለች?» አለና አወረደው። ክሩ ለምን እንደታሰረ አልገባውም። የሷ ጣት የቋጠረው ነገር ስለሆነ ግን መፍታት አልቻለም፤ እንዳለ ተወው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ድስት የዘወትር ድስቱ ሆነ። ፒያሳ ወጣ ይልና ከሥጋ ቤት አጥንት ያስቆርጣል፤ ውሃና ጨው አድርጎበት እሁድ እሁድ ቅቅል ይቀቅላል። ቅቅል ባለሙያ አይፈልግም፤ ዝም ካሉት ይበስላል። በጾም ቀን ደግሞ በዚያው ድስት ምስር ይጥዳል።

ማብሰሉንስ ለመደው። ያቃተው መብላቱ ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይሉ ነበር እናቱ፤ ልጅ ሳለ ዳቦውን ለወንድሙ እንዲያካፍል የሚያስፈራሩት ይመስለው ነበር። አሁን እንጀራውን ዘርግቶ ወጡን ጨልፎ ሲቀመጥ ከገበታው ማዶ ማንም የለም። አንዳንድ ቀን ጉርሻ ጠቅልሎ፣ እጁን ወደ ባዶው ወንበር ዘርግቶ ራሱን ያገኘዋል። ያኔ እጁን ይመልስና ራሱን ያጎርሳል።

እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። የነበራቸው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤቱም ሄደ። ከአፍንጮ በር ዝቅ ብሎ ያለው ሰፈራቸው፣ የሺዓለም በሞተች በጥቂት ሳምንት ለመንገድ ሲፈርስ፣ የአጥናፉ ቤት ከመስመሩ ጥቂት ክንድ ወጣ ብላ ስለነበር ቀረች። «እድለኛ ነህ፣ ተረፍክ» አሉት። ሌላው አንዱ ገላን፣ አንዱ ኮዬ፣ አንዱ አራብሳ እየተባለ ተበተነ። መንገዱ ያምራል፤ ክፉ አይወጣኝም፤ መብራቱ ቦግ ያለ ነው፣ ዘንባባም ተተክሎለታል። ግን መንገድ «እንዴት አደርክ» አይልም። አጥናፉ ጠዋት በሩን ሲከፍት የሚያየው የሚሮጥ መኪና ነው።

ዱሮ በዚያ ሰፈር ሳህን የምታመላልሰው የሺዓለም ነበረች። እሁድ ከጊዮርጊስ ቅዳሴ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ጓዳ ትገባለች፤ ከዚያ በየሳህኑ እያደረገች ብቻቸውን የሚበሉትን አንድ በአንድ ትዞራለች። ዓይናቸው የጠፋ ጡረተኛ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ ልጆቿ አድገው የረሷት ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ሁሉም ቅዳሴ መውጫን የሚጠብቁት እሷን ብለው ነው። አጥናፉ ይነጫነጭ ነበር።

«ቤቱን ሆቴል አደረግሽው እኮ! ቄሱ እንኳ እንዳንቺ አይዞሩም።»

«ቄሱ ቃሉን ያውቃሉ፤ እኔ የማውቀው ሳህን ነው» ትለውና በሩን በክርኗ ገፍታ ትወጣለች።

ሙት ዓመቷ ጥቅምት ውስጥ፣ ረቡዕ ቀን ዋለ። ጾም ስለሆነ አጥናፉ ምስርና ሽሮ አሰበ። ለእድርተኛው ሁሉ አስቀድሞ ደውሏል። «ትንሽ ጠበል ጻዲቅ ናት፤ ግን ኑ። ለሷ ስትሉ ኑ» ብሏቸዋል። እንዲያ ብሎ ሰው ለምኖ አያውቅም። ሽንኩርቱን ራሱ ከተፈ፣ ራሱ አቁላላ፣ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ። እድሩ ዕቃ ቤት የቀሩትን አግዳሚ ወንበሮች አስመጥቶ በግድግዳው ዙሪያ ደረደረ። ምስሩን ክር ባለበት ድስት፣ ሽሮውን በአሮጌው ሠራ። ጠዋት ጊዮርጊስ ሄዶ ጸሎቱን አስደረሰ፤ ደጁ ላይ ለተቀመጡት ነዳያን ዳቦ አደለ፤ ከዚያ እንግዳ እንዳይቀድመው ብሎ ወደ ቤቱ እየሮጠ ተመለሰ።

የቀደመው እንግዳ አልነበረም። የነፍስ አባቱ መጥተው ገበታውን ባረኩ፤ ሌላ ቦታ ፍትሐት ይጠብቃቸዋልና አንድ ሁለት ጎርሰው ሄዱ። ከዚያ ስልኩ መጮህ ጀመረ። የእድሩ ዳኛ አቶ ከተማ «አጥናፉ ወንድሜ፣ ከቤት ወጥቼ ነበር፤ ታክሲ ጠፋ፣ ጉልበቴም እንቢ አለኝ። ነፍሷን ይማር» አሉት። የአንዷ የልጅ ልጅ ታሟል። አንዱ ዘበኛ ሆኖ ተቀጥሮ ተረኛ ነው። ሌላዋ «እሁድ ቢሆን ኖሮ እኮ…» ብላ አለቀሰች። ማናቸውም አልዋሹም። ቢዋሹማ አጥናፉ ሰድቧቸው ይወጣለት ነበር።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል የእንጀራው ጠርዝ መድረቅ ጀመረ። አጥናፉ ከባዶዎቹ አግዳሚዎች መሐል ተቀምጦ ሳህኖቹን ያያል። የሰው ሁሉ ሳህን ስትሞላ የኖረች ሴት፣ በሙት ዓመቷ ገበታዋ ላይ የሚቀመጥላት አጣች። ይህን ሲያስብ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የዓመቱን ሙሉ ብቸኝነት ችሎታል፤ ይህቺን አንድ ቀን ግን መቻል አቃተው። ተነስቶ ገበታውን ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ከደጅ ድምፅ ሰማ።

«ቤቶች!»

እንዲህ ብሎ በር ላይ የቆመ ሰው ከሰማ ቆይቷል። «ደጆች!» ለማለት ድምፁን መፈለግ ነበረበት። «ደጆች! ቤት ለእንግዳ!»

የገባችው ነጂባ ናት፤ አረንጓዴ ሻርፕ ተከናንባ፣ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥላ። ነጂባ ከወራቤ በሙሽርነት መጥታ፣ ባሏ ሲራጅ ሞቶባት፣ ቅመም እየሸጠች አንድ ልጇን ያሳደገች የግድግዳ ጎረቤታቸው ነበረች። ሰፈሩ ሲፈርስ የደረሳት አራብሳ ነው። አጥናፉ አልደወለላትም። «ሙስሊም ናት፤ ተዝካር ምን ያደርግላታል» ብሎ አልፏታል።

«ጋሼ አጥናፉ፣ አልጠሩኝም አይደል?» አለችው ገና ከበሩ። «እኔ ግን ቀኑን አልረሳሁም።»

«ነጂባ! አንቺ ልጅ… እንዴት ብለሽ መጣሽ?»

«በአውቶብስ፣ በታክሲ፣ ደሞ በታክሲ፣ የቀረውን በእግሬ። ሰፈሩ ጠፋብኝ ወላሂ! በገዛ ሰፈሬ መንገድ ጠይቄ መጣሁ» አለችና ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ። ተቃቅፈው ቆሙ። ከዚያ ዓይኗን አብሳ ባዶዎቹን አግዳሚዎች አየች። «ሌላው የታለ?» አላለችም። ሻርፗን አስተካክላ ገበታው ፊት ተቀመጠችና «በሉ እንግዲህ፣ ልቅመስላት» አለች።

አጥናፉ እግሩ ቀለለው። ሽሮውን ትቶ የምስሩን ድስት ከነሙቀቱ ይዞ መጣ፤ ቤተኛ ናትና ከነድስቱ አጠገቧ አስቀመጠው። አንዲት ሴት፣ አንዲት ብቻ፣ ከገበታው ማዶ ተቀምጣለች። ይህ ለሱ ድግስ ነው።

ነጂባ ግን እንጀራውን አላየችም። ዓይኗ ድስቱ እጀታ ላይ ቀረ። ክሩን በሁለት ጣቷ ያዘችው።

«ድስቴ!» አለች። «ያ ረቢ! ድስቴ!»

«ድስትሽ?»

«መንገድ ላይ ምን እያልኩ እንደመጣሁ ቢያውቁ! እትዬ የሺ የለችም፣ ድስቴን ማን ያውቅልኛል፣ እዛ ቤት ዛሬ ውሃ ጠጥቼ ነው የምወጣው እያልኩ ነበር። ዳቦ እንኳ ይዤ የመጣሁት ለዚያ ነው። ለካ እርሶ ጠብቀውልኛል!» ክሩን እየዳሰሰች ቀና ብላ አየችው። «አልነገረችዎትም እንዴ?»

«ኧረ አልነገረችኝም» አለ አጥናፉ።

«ልጄን የወለድኩ ጊዜ ነው። ሲራጅ ለንግድ ወጥቷል፤ እናቴ ወራቤ ናት። ጎረቤቱ ሁሉ ያመጣልኛል፤ እኔ ግን ልጅ ነኝ፣ እልኸኛ ነኝ፤ የክርስቲያን ድስት ነው ብዬ አልቀምስም። አራስ ሆኜ ጦሜን አድራለሁ። እትዬ የሺ አልተቆጣችኝም፤ ‹ምን አለበት ብይ› አላለችኝም። መርካቶ ወጥታ አዲስ ድስት ከነወረቀቱ ገዝታ መጣች። ወረቀቱን እፊቴ ቀደደችው። ከሻርፔ ጫፍ ይቺን ክር መዘዘችና አሰረችበት። ‹ነጂባ፣ ይሄ ድስት ሥጋችንን አያይም። ያንቺ ነው፤ የሚኖረው ግን እኔ ቤት ነው› አለችኝ። የአራስ ገንፎዬን በዚህ ሠራችልኝ። ከዚያ ወዲህ የሮመዳን ሾርባዬ በዚህ፣ ስታመም አጥሚቴ በዚህ። ያ ልጅ ዛሬ አባት ሆኗል፤ ድስቱ ግን ሥጋችሁን አላየም።»

አጥናፉ ወደ ጓዳው ዞሮ አየ። በነጩ ጨርቅ የተሸፈነው፣ ለብቻው የተሰቀለው! ቅቅሉ ትዝ አለው። የፋሲካው በግ ትዝ አለው። እሁድ እሁድ ዓመቱን ሙሉ ቅልጥሙን እየነካከሰ፣ ሚስቱ ያን ሁሉ ዘመን የጠበቀችውን በአንድ ዓመት አርክሶታል። አርባ ዓመት አብሯት ኖሮ ክሩ የምን እንደሆነ አያውቅም።

ዝም ቢልስ? ማን ያውቃል? አንድ እሱ፣ አንድ እግዜር፣ አንድ ድስቱ። ዛሬ የተሠራበት ምስር ነው፤ ምስር ሥጋ አይደለም። ይቺ ሴት ከከተማው ጫፍ መጥታ፣ ደስ ብሏት፣ ርቧት ተቀምጣለች። ከነገራት ትነሳለች። ከተነሳች ደግሞ ያው እሱ፣ ያው አግዳሚ፣ ያው እጁን የሚመልስበት ጉርሻ ነው። እግዜር ለአንድ ቀን ቢያልፈኝ ምን አለበት፣ አለ በሆዱ።

ነጂባ «ቢስሚላህ» ብላ ቆረሰች፤ በምስሩ አጥቅሳ ጠቀለለች። እጇ ወደ አፏ ተነሳ።

«ነጂባ፣ አትብይው!»

እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ሥጋ አብስዬበታለሁ» አለ። «ዛሬ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ። እሁድ እሁድ ቅቅል እቀቅልበት ነበር። ደህናው ድስት መስሎኝ ነው። የነገረኝ የለም… አይ፣ አልጠየቅኳትም። አንድ ቀን ጓዳ ገብቼ ‹ይሄ ምንድን ነው የሺ?› ብያት አላውቅም።»

ነጂባ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰችው። እጇን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች፤ ደጋግማ ጠረገች። ከደጅ የመኪናው ድምፅ ይሰማል።

«ዝም ቢሉኝ እበላው ነበር» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እሷ ስትጠብቅልሽ ኖራ፣ እኔ ላታልልሽ? ይበቃኛል ነጂባ። አንድ ጊዜ በድዬሻለሁ።»

አልተነሳችም። ፌስታሏን ፈትታ በቅጠል የተጋገረ ዳቦዋን አወጣች። አጥናፉ ሻይ ላፍላ ብሎ ተንደረደረ፤ «ማንቆርቆሪያው በጊዮርጊስ ከውሃ በቀር ምንም አያውቅም!» ብሎ ከጓዳ ሲምል፣ ሳትወድ ሳቀች። ዳቦውን በሻይ በሉ። ስለ የሺዓለም አወሩ፤ ስለ አራብሳም አወራችለት፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን እንደምትኖር፣ ልጇ ሥራው ክፍለ ሀገር እንደሆነ፣ ከጎረቤቶቿ የምታውቀው የበራቸውን ቀለም እንደሆነ።

ስትነሳ ግን ወደ ድስቱ ጎንበስ አለችና ክሩን ፈታችው። ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር በጥርሷ ነበር ያላላችው። ገበታው ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲህ የርሶ ይሁን፤ እንደልብዎ ይቀቅሉበት። ቅር አላለኝም ጋሼ።»

አጥናፉ በትዳር የኖረ ሰው ነው፤ «ቅር አላለኝም» የምትል ሴት ምን እንደምትመስል ያውቃል። ዘንባባዎቹ ድረስ ሸኛት። ስትሄድ ጀርባዋን አየ። አራዳ ውስጥ የቀራት አንድ ነገር ያ ድስት ነበር፤ ያንንም እሱ ነጠቃት። ከእንግዲህ ወደዚህ ሰፈር ምን ያመጣታል?

እሁድ ደረሰ፤ አልቀቀለም። ክሩን ከገበታው አላነሳውም፤ በዳቦ ፍርፋሪ መሐል አልፎ አልፎ ያየዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮቱን ለብሶ መርካቶ ወጣ። ባለሱቁ ድስቱ እንዳልተጎዳ ሊያሳየው ወረቀቱን ሊቀድ ሲል «እንዳትነካው!» ብሎ ጮኸበት። ሰውየው «አባባ፣ ለሠርግ ነው እንዴ?» አለው። አጥናፉ ገንዘቡን ቆጠረለት። ምስርና ሽንኩርት ጨምሮ ገዛና አራብሳ የሚሄድ አውቶብስ ላይ ወጣ።

ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ናቸው። ቅመም ትሸጥ የነበረች፣ ረጅም፣ አረንጓዴ ሻርፕ የምታዘወትር እያለ ጠየቀ፤ የሚያውቃት ጠፋ። በስልኳ ደውሎ ቢሆን ይቀል ነበር፤ ግን አትምጣ ብትለውስ ብሎ ፈርቷል። በመጨረሻ አንድ ዘበኛ ጠቆመው። ደረጃውን በየወለሉ እያረፈ ወጣ። በሩ ፊት ቆሞ ደወሉን አልተጫነም።

«ቤቶች!» አለ።

ውስጥ የሚንኳኳ ነገር ዝም አለ። ቀጥሎ የሚሮጥ እግር ተሰማ፤ «ደጆች!»

በሩ ሲከፈት አጥናፉ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። ድስቱን ከፍ አድርጎ እፊቷ ወረቀቱን ቀደደው። አዲሱ ብረት አብረቀረቀ። ከኮት ኪሱ አረንጓዴውን ክር አውጥቶ በመዳፉ ዘረጋላት።

«አንቺ እሰሪው» አለ። «የኔ እጅ አያውቅበትም።»

ነጂባ ክሩን ተቀበለች፤ ለማሰር ግን ጊዜ ወሰደባት፤ ዓይኗ አላሳያትም። ከዚያ እሱ ሽንኩርት ላጠ፣ እሷ በአዲሱ ድስት አቁላላች። «ወንድ ልጅ ጓዳ ምን አለው!» እያለች እያሾፈችበት፣ ከአንድ ትሪ በሉ። አጥናፉ ትልቅ አድርጎ ጠቀለለና እጁን ዘረጋ። ጉርሻው ማዶ ተሻገረ። ተቀባይ ስለነበረው እጁ ባዶውን ተመለሰ፤ አጥናፉም ባዶ እጁን እያየ አለቀሰ፤ ነጂባም «ቃሪያው ነው፣ ቃሪያው ነው» እያለች ውሃ ቀዳችለት።

ሊሄድ ተነስቶ ደረጃውን ጀምሮ ሳለ ከኋላው ጠራችው። ድስቱን አጥባ፣ አድርቃ፣ በሻርፗ ጠቅልላ ይዛ ወጥታለች።

«ድስቴን የት ጥለው ነው የሚሄዱት?»

«ያንቺ አይደል? ላንቺ ነው እኮ ያመጣሁት።»

«እዚህማ ምን ያደርግልኛል ጋሼ? እዚህ ያለው ድስት ሁሉ የኔ ነው። ይሄ የሚኖረው እርሶ ቤት ነው» ብላ አሳቀፈችው።

አውቶብሱ ውስጥ ድስቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለች ሴት እጀታው ላይ ያለውን ክር አየችና «አባባ፣ አዲስ ድስት ገዙ?» አለችው።

«የኔ አይደለም፤ የጎረቤቴ ነው።»

«ጎረቤትዎ እዚህ አራብሳ ናቸው?»

«አዎ።»

«እርሶስ የት ነዎት?»

«አፍንጮ በር።»

ሴትየዋ አንድ ጊዜ አየችው፤ የጃጀ ሰው መስሏት ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። አጥናፉም አላስረዳትም። ቤቱ ሲደርስ መብራቱን አብርቶ ቀጥ ብሎ ጓዳ ገባ፤ ድስቱን ራቅ ብሎ የተመታው ምስማር ላይ ሰቀለ፣ በነጩ ጨርቅም ሸፈነው። ከዚያ አንዱን አሮጌ ድስት አወረደና የራሱን እራት ጣደ።